የላሊሞ ጋያ

በአንድ ወቅት፣ በወላይታ ቆላ፣ ትምባሆ ሳይቀመስ በማይሸጥበት ገበያ አጠገብ ማልዶቴ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ባሏ ላሊሞ ትምባሆ ቀማሚ ነበር፤ የየአገሩን ቅጠል ቀላቅሎ፣ በኮባ ጠቅልሎ፣ መሬት ውስጥ ቀብሮ ያበስላል።

በዚያ ገበያ ቃሉ የሚሰማው አንጁሎ የተባለ ቀማሽ ነው። ጋያውን፣ ያን የቅል ማጨሻ፣ ሦስት ጊዜ ይስብና አንድ ቃል ይናገራል፤ ገበያተኛው ያንኑ ሰምቶ ይገዛል ወይም ይተዋል። ስለ አንድ ትምባሆ ሁለት የሚጋጭ ቃል የተናገረ ቀማሽ ግን ጋያውን በገዛ እጁ ሰብሮ ከገበያ ይወጣል። ሥርዓቱ ይህ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ላሊሞ አዲስ የቀመመውን አቀረበ። አንጁሎ ሦስት ጊዜ ሳበና «ገለባ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ የላሊሞ እጅ የነካውን የሚገዛ ጠፋ፤ ስሙም «ገለባው» ሆነ። ሰውየው ከቤት መውጣት ተወ፤ በዓመቱም ሞተ። ሊሞት ሲል የብር ቀለበት ያለውን ጋያውን ለሚስቱ ሰጥቶ፣ «ስሜን ለመለሰልኝ ስጪው» አላት።

ማልዶቴ ጋያውን ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ባየችው ቁጥር አንጁሎን ትረግማለች። ሦስት ልጆቿን በቂም አሳደገች፤ ይህንንም ከማንም አልደበቀችም።

ትልቁ ሻንካ አፍንጫ ነበረው። የአባቱን አሮጌ ኮባ እያሸተተ፣ ቅጠሎቹ የበቀሉበትን አገር ፍለጋ ሦስት ዓመት ተንከራተተ። ወባ ይዞት አንድ ጆሮው ደነቆረ፤ ቅጠሎቹን ግን ይዞ ተመለሰ።

ሁለተኛው ኡኩሞ እጅ ነበረው። ቀላቅሎ ቀበረ፣ አውጥቶ ጣለ፣ እንደገና ቀበረ፤ አሥራ ስምንት ጊዜ። እጮኛው ጠብቃ ጠብቃ ሲሰለቻት ሌላ አገባች። በመጨረሻ የወጣው ትምባሆ ሲሸታት ማልዶቴ አለቀሰች፤ ባሏ በር ላይ የቆመ መስሏት ነበር።

የቀረው አንጁሎን ማስቀመስ ነው፤ እሱ ደግሞ ከላሊሞ ቤት የመጣ ነገር አይነካም። ትንሿ ዘነበች አንደበት ነበራት። አባቷ ሲሞት ሕፃን ስለነበረች አንጁሎ አያውቃትም፤ ቤቱ ሠራተኛ ሆና ገባች። ሁለት ዓመት ሙሉ «አባባ» እያለች እግሩን አጠበች። ከዚያ፣ ዘመድ የላከላትን ትምባሆ ገበያ ላይ እንዲቀምስላት ለመነችው። አሳቧ፣ አወድሶ ሲጨርስ የማን እንደሆነ በሰው ፊት ልትነግረው ነበር።

ማልዶቴ ከሕዝቡ መሃል ቆማ አየችው። አንድ ጊዜ ሳበ፤ ፊቱ ተለወጠ። ደስ አላት፤ ይህን ቀን ስትመኝ ነው ያረጀችው። ሁለተኛውን ሳበ፤ ዘነበችን ቀና ብሎ አያት። ሦስተኛውን ሳበ። «ገለባ ነው» ቢል የሚከራከረው አልነበረም።

«እንዲህ ያለ ትምባሆ ቀምሼ አላውቅም» አለ። «የላሊሞ ነው፤ እንዲህ የሚቀምም ሌላ የለም። ያን ቀን ገለባ ስለው ጉንፋን አፍንጫዬን ደፍኖት ነበር። ገበያው ቆሞ እየጠበቀኝ አልቀምስም ለማለት አፈርኩ።»

ማንም ሳይጠይቀው የራሱን ጋያ ድንጋይ ላይ ሰብሮ ከገበያ ወጣ። ዘነበች ስታሰላስለው የኖረችው ንግግር በአፏ ቀረ። ማልዶቴም ተናደደች፤ ልታዋርደው የመጣችው ሰውዬ ራሱን አዋርዶ በቀሏን ቀማት።

ቤት ሲገቡ ልጆቹ በአባታቸው ጋያ ተጣሉ።

«ቅጠሉን ባላመጣ ምን ይቀመም ነበር?» አለ ሻንካ።

«ቅጠልማ ፍየልም ታገኛለች» አለ ኡኩሞ።

«የጠላቴን እግር ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለች ዘነበች።

ማልዶቴ ጋያውን አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ባሏ ለልጄ ስጪው አላለም፤ ስሜን ለመለሰልኝ ነው ያለው። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ገበያተኛው ሁሉ «ላሊሞ» እያለ በስሙ ያነሳዋል፤ ይህንም ቃል መጀመሪያ ያወጣው የአንጁሎ አፍ ነው። እሷ ደግሞ አንጁሎን አሁንም ትጠላዋለች።

እናንተ በማልዶቴ ቦታ ብትሆኑ ጋያውን ለማን ትሰጡት ነበር?