አያ አህያ የጠበቀው ምስጢር

ተረት ልንገራችሁ? «ንገረን» በሉና አፋችሁን ዝጉ፤ ነገሩ ስለ አፍ ነውና።

ድሮ፣ በርና ቅል ሳይቀሩ በሚናገሩበት ዘመን፣ ነብር የእመት ፍየልን ልጆች ፈጀባት። አንድ ግልገል ብቻ ቀራት። የእንስሳት ሸንጎ ግልገሉን ከነብር የሚያድን ኮሚቴ አቋቋመ። አያ አህያ ሰብሳቢ ሆነ፣ ፍየልና ዔሊ አባል። ዋሻ ገብተው በሩን ዘጉ።

«ግልገሉ ነገ ሾላው ሥር ተደብቆ ይዋል። ቃሉ ከዚህ እንዳይወጣ!» አለ አህያ። ሁሉም ማሉ።

በማግስቱ ነብር ሾላው ሥር ቀድሞ ተጋድሟል! ግልገሉ ጭራውን ጥሎ አመለጠ።

«በሯ ናት ያወጣችው፤ ስንወጣ ሲጢጥ ብላለች» አለ አህያ። በሯን ቅቤ ቀቧት።

ሁለተኛ መከሩ። «አለቱ ሥር ይዋል» ተባለ። ነብር አለቱ ሥር ጠበቀ። ግልገሉ ግማሽ ጆሮውን ጥሎ አመለጠ።

«እንግዲያው የውሃው ቅል ነው፤ ዝም ብሎ አፉን ከፍቶ ይሰማል» አለ አህያ። የምስኪኑን ቅል አፍ በሣር ወተፉት። ዔሊንማ ማን ይጠርጥራት? ከመጀመሪያው ስብሰባ ገና ቤቷ አልደረሰችም።

ፍየል አለቀሰች። «ጭራው ሄደ፣ ጆሮው ሄደ። ቀጥሎ ልጄ ነው!»

በሯ በቀስታ፣ «እመት ፍየል፣ እኔ ከቦታዬ ንቅንቅ አልልም። እግር ያለውን ተከተዪ» አለቻት።

ሦስተኛ መከሩ። «ወንዙ ዳር ይዋል» ተባለ። አህያ ሲወጣ ፍየል ተከተለችው። ጉብታው ላይ ወጣ፣ ደረቱን ነፋ፣ አናፋ፦

«ስሙ! ግልገሉ ነገ ወንዙ ዳር እንደሚውል ለማንም አልናገርም! ብትለምኑኝም አልናገርም! ሰብሳቢ ነኝ!»

«ተባረክ፣ ሰብሳቢ እንዲህ ነው! እንዳትናገር!» አለ ነብር ከቁጥቋጦው ውስጥ።

ፍየል ደሟ ፈላ። ግን ዋጥ አድርጋ ቀረበችው። «አያ አህያ፣ ወንዙ ይቅር። ከአንተ በረት የሚታመን ቦታ የት አለ?»

አህያ ኩራቱን አልቻለውም። «በረቴ እንደሚውልም አልናገርም!» ብሎ ደግሞ አናፋ።

በማግስቱ ነብር በረቱን ገፍቶ ገባ። ያገኘው አህያን ብቻ ነው። አህያ ጭራውን ጥሎ ወደ ዋሻው ጋለበ።

«ክፈቱልኝ! ነብር መጣብኝ!»

ውስጥ ግልገሉ እናቱን ይጠባል። በቅቤ የወዛችው በር ሲጢጥ እንኳ አላለችም። «ይቅርታ ጌታው፣ ዝግ ስብሰባ ነው» አለችው።

አህያም ተራራውን ተሻግሮ ሮጠ። ከዚያ ወዲህ አህያ ሲያናፋ የሰማ ሁሉ፣ «ምስጢር እየጠበቀ ነው» ይላል።

ምስጢር በእግሩ ከወጣ፣ የበር መዘጋት ምን ይረባል? ተረቴ አለቀ፤ ስትወጡ በሩንም አፋችሁንም መልሱ።