እሷ ትቅና

ተረቷን ከወደብ ልለቃት ነው፤ ገመዷን ያዙልኝ። ያዛችሁ? እንግዲህ ስሙ።

ድሮ፣ ብረትም እንጨትም አፍ በነበረው ዘመን፣ በጣና ዳር አንዲት የብረት ጀልባ ነበረች። ሆዷ ጥልቅ፣ ደረቷ ሰፊ፣ አካሄዷ የኤሊ። አዝጋሚት ይሏታል። ጌታዋ አያ ባይነሳኝ ጧት ጧት እየመጣ ጎኗን በመዳፉ ቸብ ቸብ ያደርጋል።

"እንዴት አደርሽ፣ የኔ እመቤት?"

"ዱ፣ ዱ፣ ዱ፣ ደኅና" ትላለች በሞተሯ።

በዚያ ቸብ ቸብ ነበር የምትኖረው።

አያ ባይነሳኝና ሚስቱ እትዬ ዝማም ልጆቻቸውን ሁሉ ድረው ጨረሱ። ቤቱ ዝም አለ። "ከእንግዲህ ውሃ ላይ እንኑር" ተባባሉ። "ደሴት ለደሴት እየዞርን፣ በመሸበት እያደርን።"

"በአዝጋሚት ነዋ!" አለ ባይነሳኝ።

"በሷማ አልሄድም። ማዕበል በመጣ ቁጥር እንደ ወተት ትንጠኛለች። ይኸው ስንት ዘመን ተናጥኩ፣ ቅቤ አልወጣኝ!"

ዝማም ከወንድሟ ዘንድ ሌላ ጀልባ አስመጣች። ነጭ ናት። ሁለት ቀጫጭን ሆዶች ጎን ለጎን፣ በላያቸው እንደ መደብ የተዘረጋ ሰፊ ወለል፣ ከኋላዋ ሁለት ሞተር። መንቲት አሏት።

"ሦስት ጊዜ እንፈትናቸው" አለች ዝማም። "መንቲት ከተሸነፈች ወደ ወንድሜ ትመለሳለች። አዝጋሚት ከተሸነፈች ግን ሁለት ጀልባ የምናስርበት የለንም፤ አሮጌ ብረት ለሚሰበስበው ለቆራሌው ትሰጥ።"

አንዷ ወደ ዘመድ፣ አንዷ ወደ መዶሻ።

በማግስቱ ባይነሳኝ መጣ። እጁን አነሣ። ቸብ ቸብ አደረገ።

የመንቲትን ጎን።

ዝገት ከውጭ ይጀምራል ይላሉ። የአዝጋሚት ከውስጥ ጀመረ።

"እንዴት አደሩ፣ እትዬ አዝጋሚት?" አለች መንቲት።

እትዬ! "ሁለት ሆድ አላት" አለች አዝጋሚት ለራሷ። "ባንዱ ትስቅልኛለች፣ ባንዱ ታማኛለች።"

የመጀመሪያው ፈተና ወደ ደሴቱ ገበያ ነበር። አዝጋሚት ጎህ ሲቀድ ወጣች። መንቲት ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ተነሣች፣ በመንገድ አለፈቻት፣ ደረሰች። አዝጋሚት ስትደርስ ዝማም በነጩ ወለል ላይ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። ሻዩ ከብርጭቆው ጠብ አላለም።

"ምነው አረፈዳችሁ?" አለች ባሏን። "ገበያው እኮ ተበተነ።"

መንቲት አንድ።

ሁለተኛው ፈተና የቤቱን ዕቃ ጭኖ ደሴቱ ማድረስ ነበር። አልጋው፣ የእህል ጆንያው፣ የወፍጮ ድንጋዩ፣ ዶሮዎቹ። መንቲት ገና ጆንያው ሲወጣባት እስከ ወገቧ ሰመጠች።

"ኧረ በእናታችሁ! እኔ ሩጫ እንጂ ሸክም አላውቅም!" እያለች ጮኸች። ሁለቱ ሞተሮቿ ናፍጣውን ግጥም አድርገው ጠጥተው መንገድ ላይ ዝም አሉ። አዝጋሚት ድንጋዩንም፣ አልጋውንም፣ ዶሮውንም ተሸክማ፣ ናፍጣዋን እንደ ጠላ እየቀመሰች፣ መንቲትን በገመድ ጎትታ ገባች።

"አየሽ?" አለ ባይነሳኝ።

"አየሁ" አለች ዝማም። እሷ ዕቃ ስታወርድ ግን ያስመልሳት ነበር፤ መንቲት ስትቆም ወደ አዝጋሚት ተዛውራ ነበርና፣ ንጣ ንጣ ነው ያመጣቻት።

አንድ ለአንድ።

ያን ዕለት አዝጋሚት ልትደሰት ይገባት ነበር። አልቻለችም። ባይነሳኝ የደከመችውን መንቲትን ሲያጥብ አየችው። በስፖንጅ። ቀስ ብሎ። እሷን በመጥረጊያ ነበር የሚያጥባት።

አንድ ጉማሬ ከሸንበቆው መሃል ብቅ አለ። "ጣውንትሽ እንዴት ናት?"

"ተወኝ፣ አያ ጉማሬ።"

"ትቼሻለሁ። ግን ባሕር ዳሩ ሁሉ ምን እንደሚልሽ ሰምተሻል? 'ቀናች' ነው የሚሉሽ። ዓሣው ቀናች፣ ታንኳው ቀናች፣ አሞራው ቀናች።"

"እኔ? በዚች መደብ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሣር በል ነኝ" አለና ጠለቀ።

ቃሉ ግን አልጠለቀም። ቀናች። ቀናች። በጎኗ የሚመታው ውሃ ሁሉ እንደዚያ የሚል መሰላት።

ሦስተኛው ፈተና ጣናን አቋርጦ ማዶ ካለው ዋርካ ደርሶ መመለስ ነበር። ዝማም መንቲትን፣ ባይነሳኝ አዝጋሚትን ይዘው ይወጣሉ። በዚያ ወደብ ጀልባ ሳይመረቅ ገመዱ አይፈታም። መራቂው የወደቡ ሽማግሌ በትራቸውን ወደ መንቲት አነሡ።

"ይቅናሽ!"

"አሜን!" አለች መንቲት።

ወደ አዝጋሚት ዞሩ። "አንቺም ይቅናሽ!"

አዝጋሚት ከምርቃቱ የሰማችው "ቅና"ን ብቻ ነው። በሕዝብ ፊት! ውስጧ ያለው ዝገት ሁሉ ተንኮሻኮሸ።

"እኔ?" ብላ አንባረቀች። "እኔ አልቀናም! እሷ ትቅና!"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ወይ ልጄ፣ ምርቃትሽን አንሥተሽ ለሷ ሰጠሻት።"

ከአዝጋሚት በስተኋላ፣ ከውሃው ሥር፣ መሪዋ ሰማ። ጀልባን የሚያቀና መሪ ነው።

"አልቀናም አለች?" አለ መሪው። "እመቤቴ ካልቀናች እኔ ምን ቤት ነኝና እቀናለሁ?" ብሎ ጠመም አለ። እንደ ጠመመም ቀረ።

መንቲት ቀጥ ብላ ሄደች፤ ቀንቷታላ። አዝጋሚት ዞረች። ባይነሳኝ ወደ ቀኝ ይስባል፣ እሷ ትዞራለች። ወደ ግራ ይስባል፣ ትዞራለች።

"ቀና በይ እንጂ፣ የኔ እመቤት!" ብሎ ለመናት።

"አልቀናም አልኩ!"

መንቲት ዋርካውን ነክታ ተመለሰች። አዝጋሚት እዚያው ወደቡ ፊት እንደ አውድማ በሬ ትሽከረከር ነበር።

በሳምንቱ ባልና ሚስቱ ጉዞ ጀመሩ። ዝማም የወፍጮ ድንጋዩን ለጎረቤት ሰጠች፤ መንቲት አትችለውም። አዝጋሚት ደረቅ አሸዋ ላይ ተጎትታለች። ቆራሌው ጆንያውን አንጥፎ መዶሻውን ይመዝናል።

"ደኅና ይሁኑ፣ እትዬ አዝጋሚት" አለች መንቲት። "ያን ቀን ባይጎትቱኝ ኖሮ የጉማሬ መጫወቻ ነበርኩ።" ድምፅዋ ውስጥ ሐሜት አልነበረም። በሁለቱም ሆዷ።

ባይነሳኝ የአዝጋሚትን ጎን ሊነካ እጁን አነሣ። አልቻለም። ፊቱን አዙሮ መንቲት ላይ ወጣ።

አዝጋሚት የባይነሳኝን ጀርባ አየች። ነጩን ወለል አየች። መዶሻውን አየች። ከዚያ ከሆዷ ጥልቀት ቃል ወጣ።

"ቀናሁ!" አለች። "ቀናሁብሽ፣ መንቲት። በእጁ ቀናሁ። በስፖንጁ ቀናሁ። ሂጂ፣ ይቅናሽ!"

ቀናሁ ስትል መሪው ሰማ።

"እመቤቴ ቀናች" አለና ቀጥ አለ። ጓ!

ቆራሌው መዶሻውን ሳይመታበት ዝቅ አደረገ። ዞሮ አየ። መሪውን በጣቱ ነካ፣ ወደዚህ ወደዚያ አለው።

"ይሄማ ቀና ነው" አለ። "ስሚ፣ ትቸኩያለሽ?"

"ቸኩዬ አላውቅም።"

"እኔም። ብረት አይሻግትም። ስንት ጆንያ ትሸከሚያለሽ?"

"አንተ እስክትደክም።"

ሳቀ። መዶሻውን ወደ ጆንያው መለሰና ጎኗን በዚያ ሻካራ መዳፉ ቸብ አደረጋት።

ዛሬም አዝጋሚት ከቆራሌው ጋር አሮጌ ድስትና ቆርቆሮ እየሰበሰበች ደሴት ለደሴት ትዞራለች። አንዳንዴ መንቲት እንደ ነፋስ ታልፋታለች፤ ዝማም ሻይዋን ይዛ፣ ባይነሳኝ ወደ አሮጌዋ አንገቱን አዙሮ።

"ይሄው ቀናሁ" ትላለች አዝጋሚት። መሪዋም ቀጥ ይላል።

ቀናሁ ያለ ይቀናዋል፤ አልቀናሁም ያለ ሲዞር ይመሽበታል።

ተረቴ ዳር ደረሰች። ገመዷን እሰሯት፤ እኔንም ይቅናህ በሉኝ።