ያዘው መሻገሪያ

ከቀጨሞ ወደ ቆላ የሚወርደው መንገድ ወንዙን የሚያቋርጥበት ቦታ «ያዘው» ይባላል። ዛሬ ድልድይ ስላለው መንገደኛው ውሃውን ልብ ሳይል ያልፋል፤ ስሙ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን አይጠፋም። ሽማግሌዎች ሲተርኩት ረጋ ብለው ነው፤ እኔ ግን መጨረሻውን እያወቅሁት እንኳ ስሰማው በየመሃሉ «ከዚያስ?» እላለሁ።

እንደሚነገረው፣ ማን ገዢ እንደነበረ በማይታወስበት በዚያ ዘመን፣ ልመንህ የሚባል ሽማግሌ አራሽ ነበር። ቢያድግ የሚባል አንድ ልጁ በወሰን ጠብ የተነሣ ጥጋቡ በሚባል ጎረቤታቸው ዱላ ተመትቶ እግሩ ተሰበረ፤ አጥንቱ ቢጠገንም ከዚያ በኋላ ከበሬ ኋላ መሄድ አልቻለም። ልመንህ አንጀቱ አረረና ጥጋቡ ቆላ ወህኒ ይውረድልኝ ብሎ ከሰሰ፤ ተፈረደለትም። ያ ወህኒ የወባ ንዳድ ያለበት ነበር፤ ከወረደው ሰው የተመለሰው ጥቂት ነው ይባላል። በጊዜው ደንብ ከሳሽና ተከሳሽ እስከ ወህኒው በአንድ ሰንሰለት ቁራኛ ሆነው ይሄዳሉ፤ እስረኛው ቢያመልጥ የሚጠየቀው ከሳሹ ነው። ልመንህና ጥጋቡም እጅ ለእጅ ታስረው ወረዱ።

ሐምሌ ነበር። የሚያጅባቸው ጭፍራ የሰንሰለቱን ቁልፍ ይዞ ወንዙን በበቅሎ ቀድሞ ተሻገረ። ሁለቱ መሃል ሲደርሱ ደራሽ ውሃ መጣባቸው፤ ልመንህ እግሩ ከዳውና ወደቀ። ጭፍራው እስረኛው ሊያመልጥ ነው ብሎ ስለሰጋ ከማዶ «ያዘው! ያዘው!» እያለ ጮኸ። የጮኸው ለልመንህ ነው። የልመንህ ጆሮ ግን ውሃ ሞልቶት ነበር፤ የሰማው ጥጋቡ ነው። ለእኔ ነው ብሎ ሽማግሌውን ከብብቱ ሥር አፈፍ አድርጎ ያዘውና እየጎተተ ወደመጡበት ዳር አወጣው። ሰንሰለቱ ነው ያስያዘው የሚሉ አሉ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ እዚያ አልነበርኩም።

ወንዙ እየባሰበት ሄደ፤ ጭፍራውም ከነቁልፉ ማዶ ቀረ። ሁለቱ እንደተቆራኙ ልመንህ ቤት ሲገቡ ቢያድግ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከአንድ ገበታ በሉ፤ እያንዳንዱ ግን ሌላውን በዓይኑ ጥግ ይጠብቅ ነበር። የዘር ጊዜ ደግሞ እያለፈ ነው። ጥጋቡ ማንም ሳይጠይቀው በሬዎቹን ጠመደ፤ በታሰረው እጁ እርፍ፣ በነፃው ጅራፍ ይዞ ሲያርስ ልመንህ ከጎኑ ይንገዳገድ ነበር። መንደርተኛው ከአጥር ውጭ ቆሞ ከማየት በቀር መሳቅ አልደፈረም።

ወንዙ ሲጎድል ጭፍራው መጣ።

«በሉ ይነሡ አባቴ፣ እስረኛውን ይዘን እንውረድ» አለ።

ልመንህ አልተነሣም። ይቅር ቢል ልጁን መክዳቱ ነው፤ ይሂድ ቢል ደግሞ ውሃ ውስጥ ያልለቀቀውን ሰው ለንዳድ መስጠቱ ነው። ወደ ልጁ ቀና ብሎ ማየት ፈራ። በመጨረሻ የተናገረው ቢያድግ ነው፤ ፊቱን ግን አላዞረም።

«አባዬ፣ የታችኛው ማሳ እኮ ገና አልታረሰም።»

ልመንህ ያን ጊዜ ቀና አለ። «ለጌታህ ንገርልኝ» አለው ጭፍራውን፤ «እኔው ይዤዋለሁ። ቢያመልጥ እኔን ጠይቁኝ።»

ጭፍራው ብረቱ የመንግሥት ነው ብሎ ሰንሰለቱን ፈትቶ ወሰደ። ጥጋቡ የቢያድግን ማሳ ዕድሜውን ሙሉ አረሰ ይባላል። ሁለቱ ወዳጅ ሆኑ የሚል ግን አልሰማሁም።

ከዚያ ወዲህ በቀጨሞ ሰው ሰውን ሲበድል፣ ሽማግሌዎች በቅድሚያ ተበዳዩን «ትይዘዋለህ?» ብለው ይጠይቁታል፤ ከእስር ቀርቶ በሥራው እንዲክስህ በኃላፊነትህ ታኖረዋለህ ወይ ማለታቸው ነው። ተበዳዩን መገፋፋት ነውር ነው፤ የበዳዩ እናት ከአጥር ውጭ ጆሮዋን ጥላ ትጠብቃለች። አልችልም የሚልም አለ፤ የሚቀየመው የለም፣ በዳዩም ወደ ከተማው እስር ቤት ይሄዳል። «ይዤዋለሁ» ሲባል ግን እናትየዋ እንኳ እልል አትልም። መሬት ትስማለች፤ መያዙ ገና መጀመሩ ነውና።