ጭራቁ ብቅ እስኪል

ምላሷ የሰላ አንዲት ቆሎ ሻጭ ነበረች። በደጁ የምትነግድበት ሲኒማ ቤት ባለቤት ሥነ ልቦናዊ አስፈሪ ፊልም ሠርቶ ለምርቃቱ ጠራት። ጭራቁ ሳይታይ ኮቴው ብቻ እየተሰማ፣ ጥላው ብቻ እያለፈ ስለነበር ሴትዮዋ ቆሎ መቆርጠሟን ትታ በፍርሃት ኩምትር አለች። መጨረሻ ላይ ግን ባለቤቱ ራሱ ዱቄት ተለቅልቆ፣ ጭራቅ ነኝ ብሎ በሸራው ላይ ብቅ ሲል ቆሎዋን መቆርጠም ቀጠለች።

መብራት እንደበራ ባለቤቱ በሰው ሁሉ ፊት አስነሳት። "አንቺ! የፊልሙን ጥንካሬና ድክመት ተናገሪ። ፊልሜን ካጣጣልሽ ግን ከነገ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጪ!"

"ጋሼ፣ ጥንካሬውማ ጭራቁ ሳይታይ ማስፈራቱ ነው" አለች።

"ድክመቱስ?"

"እሱ እንኳ የፊልሙ ሳይሆን የእኛ ነው። እርስዎ ብቅ ሲሉ መፍራት ሲገባን አፈርን።"