ጥሩንባ ነፊው ለምን አልመረጠም

አንድ ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ የአንድ ሰፈር እድርተኛ አዲስ ዳኛ ሊመርጥ ከትልቁ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ሰፈሩ ለሁለት ከተከፈለ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጠቡ የጀመረው እንዲሁ በቀላሉ ነበር። አቶ ከፈለኝ «እድራችን እንደ ሰው የራሱ አዳራሽ ይኑረው» አሉ፤ ወይዘሮ ዘነበች ደግሞ «አዳራሽ ሐዘንተኛው ደጃፍ ድረስ አይሄድም፣ ይልቅ ድንኳናችን ይታደስ» አሉ። ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ሰዉ «አዳራሾች» እና «ድንኳኖች» ተባብሎ ተለያየ። አዳራሾች የሚያስፈጩበትን ወፍጮ ቤት ድንኳኖች አይረግጡትም። አማቱን ሰላም ማለት የተወም አለ።

ከሁለቱም ያልሆነ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ዘርጋው። ዘርጋው የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ነው። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ በየመንደሩ እየዞረ ጥሩንባውን ይነፋል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ ሰዉም ነጠላውን እያጣፋ ይወጣል። ሰፈሩ ከተከፈለ በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። የሟቹን ስም ሲጠራ ግማሹ መስኮት ይከፈታል፣ ግማሹ ተከፍቶ የነበረውም ይዘጋል።

ዘርጋው በዚህ ከልቡ አዘነ። አዝኖም አልቀረ፣ ዘዴ ፈለገ። ስም መጥራቱን ተወውና ነፍቶ ነፍቶ «ውጡ፣ ሞት ነው» ብሎ ፊት ፊት መሄድ ጀመረ። «ኧረ ማን ነው የሞተው?» ሲሉት «ስትደርሱ ታውቁታላችሁ» ይላል። ከደረሱ በኋላ መመለሱ ያሳፍራቸዋል። ባለፈው ኅዳር አንዲት የአዳራሾች ቀንደኛ ለቅሶዋን ከመንገድ ጀምራ ስትመጣ የወይዘሮ ዘነበች አጎት ቤት ደረሰች። የጀመረችውን ለቅሶ ምን ታድርገው፣ እዚያው ጨረሰችው።

ወደ ምርጫው እንመለስ። አስመራጩ አቶ እንግዳወርቅ ናቸው፤ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ የወጡ፣ የእድሩን ደንብ በእጃቸው የጻፉ፣ አንቀጽ ሳይጠቅሱ ውሃ የማይጠጡ ሰው። ለአቶ ከፈለኝ የወጣው እጅ ተቆጠረ፤ ሰማንያ ሦስት። ለወይዘሮ ዘነበች የወጣው ተቆጠረ፤ እሱም ሰማንያ ሦስት። አቶ እንግዳወርቅ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ዙሪያውን ቃኙና ከዋርካው ግንድ ሥር የተሸጎጠውን ዘርጋውን አገኙት።

«ዘርጋው፣ እጅህን አላየሁትም።»

«አላወጣሁትም ጋሼ።»

«ለየትኛው?»

«ለየትኛውም።»

ሰዉ አጉረመረመ። አቶ እንግዳወርቅ ደንቡን ገለጡ፤ በቃላቸው የሚያውቁትን ገጽ ማለት ነው።

«አንቀጽ አሥራ አንድ። በምርጫ ቀን ተገኝቶ ድምፅ ያልሰጠ አባል ከእድሩ ይሰረዛል። ትመርጣለህ ወይስ ልሰርዝህ?»

ዘርጋው የሃያ ሁለት ዓመት እድርተኛ ነው። እድር የሌለው ሰው ሲሞት ማን ይቆፍርለታል? ማንስ ይሸከመዋል? ሚስቱ ይርገዱ ከሴቶቹ መሃል ሆና በዓይኗ «በል አንዱን ምረጥና ገላግለን» ትለዋለች።

«ጋሼ፣ እኔን ይለፉኝ» አለ።

«አላልፍህም። ዳር ቁጭ ብሎ ማየት ንጽሕና መሰለህ? ፍርሃት ነው። ሁሉም እንደ አንተ ቢቀመጥ ይሄን እድር ማን ይመራዋል?»

ነገሩ እውነት አለው፤ ዘርጋውም አልካደም።

«ሁሉማ አይቀመጥ። ሰዉ ይምረጥ፣ ደግ ነው። እኔ አንድ ሰው ልቀመጥ ነው ያልኩት።»

«አንተ ከማን በልጠህ?»

«ከማንም አልበለጥኩም። ለመሆኑ እርስዎ ለማን ድምፅ ሰጡ ጋሼ?»

«እኔ? ለአዳራሽ ነዋ። በግልጽ፣ እጄን አውጥቼ። የማፍርበት ነገር የለኝም።»

«ጥሩ አድርገዋል» አለ ዘርጋው። «እኔም ዛሬ እጄን ካወጣሁ፣ ነገ ጥሩንባዬን ሲሰሙ ‹ማን ሞተ?› ማለቱ ይቀርና ‹ከየትኛው ወገን ነው የሞተው?› ይባላል። መቼም ዕድሜ ይስጥዎ፣ ያረፉ ቀን አዳራሾች ሳይጠሩም ይመጣሉ። ድንኳኖችን ከሞቀ አልጋቸው አስነስቶ ደጅዎ ድረስ የሚያመጣልዎ ግን ያልመረጠው ሰው ነው። እሰርዝሃለሁ ካሉ ይሰርዙኝ፤ ብቻ በግማሽ ሰው ለመቀበር ቆርጠው ይሁን።»

አቶ እንግዳወርቅ ሰማንያን ተሻግረዋል፣ ሰሞኑንም ሳል ይዟቸው ሰንብቷል። ወደ አዳራሾች አዩ፣ ወደ ድንኳኖች አዩ፣ ሳል ሳል አሉና እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡ።

«አንቀጽ አሥራ አንድ ይሻሻላል። ‹የእድሩ ጥሩንባ ነፊ እንዲመርጥ አይገደድም፤ እኩል የሆነ ድምፅ በዕጣ ይለያል።› የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ።»

አዳራሾችና ድንኳኖች በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን አንድ ላይ አወጡ። አቶ እንግዳወርቅ የራሳቸውን ጨምረው ቆጠሩ፤ መቶ ስድሳ ስድስት። አንድ ይጎድላል። ቀና ብለው ዘርጋውን አዩት፤ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«አንተ ሰው» አሉት፣ «ለራስህ በተባለው እንኳን እጅህን አታወጣም?»

«ምነው ጋሼ፣ አሁን እኮ ፈቀዱልኝ።»