አረቄ የተቀዳላቸው ሠራተኞች

ና ወዲህ ጠጋ በል ልጄ። ግንቦት ነው፤ ዝናቡም ገና ዳር ዳር እያለ ነው፤ ጊዜ አለን። «ሚስቴ ከወለደች ጀምሮ ቤቱን በሰው ሞልቼ ላስደስታት እለፋለሁ፤ ለምን ታለቅሳለች?» አልከኝ አይደል? እንግዲህ ስማ።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ደግ ነው፤ ደግነቱ ግን ሰው ያደክማል። የጓሮ መሬቱ ሁለት ዓመት ሙሉ በቆሎ ነፍጎታል፤ በሦስተኛውም ከነፈገው ቤተሰቡን ምን እንደሚያበላ አያውቅም። የግብርና ባለሙያዋ መጣችና አንድ ጀሪካን ሰጠችው።

«አባባ፣ ገለባውን፣ ፍጉንና የጓዳውን ጥራጊ ይከምሩና ይህን ያርከፍክፉበት። ውስጡ በዓይን የማይታዩ ሠራተኞች አሉ፤ ክምሩን አብላልተው አፈር ያደርጉልዎታል» አለችው።

ትኋን አይደሉ፣ ቁንጫ አይደሉ፣ ግን ይበላሉ፣ ይሠራሉ፤ እኔ ምን አውቄ፣ እሷ ናት ያለችው።

ሰውዬው «ሠራተኞች» ሲባል ደነገጠ። ደቦ ጠርቶ ሰው በደረቁ አሠርቶ አያውቅማ! የጀሪካኑን ግማሽ አርከፈከፈና፣ ለሴት ልጁ ሠርግ ያስቀመጠውን አረቄ ከነጀሪካኑ ተሸክሞ መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ልታደርግ ነው?» አለች ሚስቱ።

«ለሠራተኞቼ ልቀዳ ነዋ!»

«ለመሆኑ ይጠጣሉ?»

«አረቄ የማይጠጣ ሠራተኛ የት አገር አየሽ?» አለና ሙሉውን አንቆረቆረው። «በርቱልኝ!» እያለም ጨፈረላቸው።

በአሥረኛው ቀን እጁን ቢከት፣ መሞቅ የነበረበት ክምር እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ባለሙያዋ መጥታ አሸተተች።

«አባባ፣ ምን አጠጧቸው?»

«ምርጡን! እኔ እንኳ ሳልቀምሰው!»

«ፈጅተዋቸዋል! የሚፈልጉት እኮ ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ትንሽ ሞላሰስና ውሃ ነበር።»

ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ደግሞ ለቅሶ ልንቀመጥላቸው ነው?» አለች ሚስቱ። ገብታም ደብቃ ያቆየችውን የባለሙያዋን ግማሽ ጀሪካን ከአልጋ ሥር አወጣች። ባሏን ታውቀዋለቻ! ክምሩን አገላበጠች፣ አዲስ ገለባና ፍግ ጨመረችበት፣ የተረፈውን ከሞላሰስና ከውሃ ጋር በጥብጣ አርከፈከፈችና በኮባ ሸፈነችው። ባሏንም «አንተ እዚያ ዛፍ ሥር ተቀመጥ፤ ደግነትህ ይብቃቸው» አለችው።

በሳምንቱ ክምሩ ይተን ጀመር። ከሁለት ወር በኋላ ጥቁር፣ ለስላሳ አፈር ሆነ፤ ጓሮው ላይም በተኑት። በቆሎውም በዚያው ክረምት በቀለና ቤቱን መገበ። ሚስቲቱ ለመንደሩ ሴቶች ብስባሽ አሠራር ታስተምራለች። ልጅቱ በጠላ ብቻ ተዳረች። ሰውዬው ዛሬም ደግ ነው፤ ብቻ ሳይጠይቅ አይቀዳም።

ያ ሰው አንተ ነህ ልጄ። ጫጫታ የሚጥመው አንተን ነው፤ ለሚስትህ የቀዳህላት ያንተን መጠጥ ነው። እሷ አራስ ናት፤ ትኩስ አጥሚትና እንቅልፍ ነው የሚያምራት። «ምን ላምጣልሽ?» ብለህ ጠይቀሃታል? አልጠየቅካትም። በል ተነስና እንግዶቹን አንድ በአንድ ሸኝ፤ እኔንም ጨምረህ።