የጠጅ ቤቱ ጡት አባት

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ጆሯችሁንም አውሱኝ።

በድሮ ዘመን፣ በአንድ አሮጌ ከተማ ውስጥ፣ ሰባራ ደጅ የሚባል ሰፈር ነበር። በሰፈሩ ሦስት የጥንት ቤቶች ነበሩ፤ አንዱ ጠላ ቤት፣ አንዱ አረቄ ቤት፣ አንዱ ጠጅ ቤት። ግድግዳቸው ጎብጧል፤ ጣሪያቸው እንጉዳይ አብቅሏል። የሰፈሩ ሰው ግን የሚታረቀው እዚያ፣ የሚተጫጨው እዚያ፣ ሐዘኑን የሚረሳው እዚያ ነበር።

የጠጅ ቤቷ ባለቤት ወይዘሮ ደብሪቱ ትባላለች። ምላሷ ስለት፣ ልቧም ብልህ ነበር።

ታዲያ ለከተማው አዲስ ሹም መጣ፤ ፊታውራሪ ጓንጉል። ይህ ሰው አሮጌ ነገር አይወድም። አሮጌ በቅሎውን ለቀቀ፤ አሮጌ ካባውን ጣለ፤ ሽበቱን እንኳ በወረንጦ ሲነቅል ሲነቅል ራሱ እንደ ቅል ለሰለሰ። አንድ ቀን ነጋሪት አስጎሰመ።

«በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ ቤት ሁሉ ይፍረስ!»

መጀመሪያ ጠላ ቤት ሄደ። «ዕድሜው ስንት ነው?» አለ።

ባለቤቱ አቶ ቢተው ኩሩ ሰው ነበሩ። «ቅድመ አያቴ ድኸው ያደጉበት ነው!» አሉ።

«ይፍረስ!» አለ። ፈረሰ።

ቀጥሎ አረቄ ቤት ሄደ። «ዕድሜው ስንት ነው?» አለ።

ባለቤቷ ወይዘሮ ስንዱ ፈሪ ነበረች። «ትናንት ነው የተሠራው ጌታዬ!» አለች። ይህን ስትል ምስጥ የበላው እንጨት ከጣሪያው ወርዶ የሹሙን አናት መታው።

«ይፍረስ!» አለ። ፈረሰ።

በመጨረሻ ጠጅ ቤት ደረሰ። አብረውት የመጡት ወታደሮች መጥረቢያ አነሡ። ደብሪቱ ባሏን የቀበረች፣ ከዚህ ቤት በቀር መጠጊያ የሌላት ሴት ናት። ፈርታለች፤ ፊቷ ግን አላሳበቀም።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ገና አልተወለደም፣ ጌታዬ።»

«ይኸው ቆሞ እያየሁት?»

«ቤት ተወለደ የሚባለው አባት ሲያገኝ ነው። ይህ ምስኪን የሠራው ሰው ሳያስመርቀው ሞተበት፤ ሳይወለድ ጎብጦ ቀረ።»

ሹሙ ራሱን አከከ። ያልተወለደ እንዴት ይፈርሳል? «ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እርስዎ ጡት አባት ይሁኑት! ዛሬ ይወለዳል፤ ከዚያ በከተማው እንደሱ ያለ አዲስ ቤት አይገኝም።»

«አዲስ» የሚለውን ሲሰማ ወዲያው እሺ አለ። ጡት ልጅ ማር የተቀባ የአባቱን አውራ ጣት ይጠባ የለ? ሹሙም ጣቱን ማር ውስጥ ነከረና፣ ቤት አፍ ስለሌለው፣ በበሩ ቀዳዳ አስገባው።

«አልጠባም አለ!»

«ሕፃን እኮ ነው፤ ገፋ ያድርጉለት።»

ገፋ። ገፋ። ገፋ። ጣቱ ተቀረቀረ!

«ኧረ ነከሰኝ!»

«እልልልል! ጥርስ አወጣ!» አለች ደብሪቱ።

ወታደሮቹ በሩን ሊሰብሩ መጥረቢያ ሲያሳርፉበት ግድግዳው ሲጥጥ አለ፤ ጣሪያው ወደ ሹሙ ዘመም አለ። ሹሙ ሽቅብ አየና ጮኸ።

«ተዉ! ይህን ቤት ማንም አይንካ!»

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም፣ ጌታዬ» አለች ደብሪቱ።

«ይህን ቤት ማንም አይንካ!»

«ማዶ ያሉትም አልሰሙም።»

«ልጄን ማንም እንዳይነካብኝ!» አለ፣ እንባው እየወረደ።

ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ያን ጊዜ ደብሪቱ ጣቱን ቅቤ ቀባችና ሾልኮ ወጣለት።

ሹም ቃሉን አያጥፍም። ጓንጉል በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ፣ እንደ አባት ወግ፣ ለጣሪያው ሣር ተሸክሞ መጣ። ደብሪቱ «ልጅዎ ያለ ጎረቤት ይከፋዋል» ብትለው የፈረሱትን ሁለቱንም መልሶ አሠራ። ከሹመቱ ወርዶ፣ አርጅቶ፣ በትር ሲይዝ እንኳ እዚያው ደጃፍ ተቀምጦ መንገደኛውን ሁሉ «ልጄ ነው፤ እኔን አይመስልም?» ይል ነበር አሉ።

ልጆቼ፣ የጎበጠውን ለመጣል አትቸኩሉ፤ መጉበጥ ለሁሉም ይደርሳል። በሉ አሁን ውሃ አቀብሉኝ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ።